የድሮ መኪና ቦዲን ለቀለም ማዘጋጀት፦ ከእጥበት እስከ መጨረሻው ብርጭቆ ወረቀት

ቀለሙን መርጨት የሰዓታት ሥራ ነው። ዝግጅቱ ግን በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ሰው ወራት ሊበላ ይችላል። መኪናዋ አርባ ሃምሳ ዓመት የቆየች ከሆነች ደግሞ ላይዋ ላይ ያለው ቀለም አንድ አይደለም። አንዱ ባለቤት በሌላው ላይ የደረበው ነው። ሥሩ ያለው ዝገት ይሁን፣ ስቱኮ (ላሜራ ማስተካከያው ሊጥ) ይሁን፣ ጤነኛ ላሜራ ይሁን ሳይገልጡት አይታወቅም።

እዚህ የምናየው ራሱ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የሚሆን የብረት ቦዲ አዘገጃጀት ነው። ሥራው ጉልበት ይፈልጋል። ሰውን የሚያማርረው ግን ጉልበቱ ሳይሆን የተራው መዛባት ነው። ሳይታጠብ የታሸ፣ በሩ ሳይገጠም ስቱኮ የተቀባ፣ ዝገቱ ሳይወጣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጨው መሠረት) የለበሰ ቦታ ሁሉ ተመልሶ ይፈርሳል። ስለዚህ አንዳንዱ እርምጃ ትርፍ ቢመስላችሁም ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት።

ከሁሉ በፊት ሳንባችሁ

በድሮ የመኪና ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት መኖሩ የተለመደ ነበር። ብናኙ በትንፋሽ ይገባል፤ ልብስ ላይ ተጣብቆም ቤት ድረስ ይከተላል። አሮጌ ቀለም ስታነሱ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማስክ አድርጉ። ተራ የጨርቅ ማስክ እዚህ አይረባም። የሥራ ልብሳችሁን እዚያው አውልቁና ለብቻው እጠቡት። ልጆች ወደ ቦታው አይምጡ። ቀለሙ እርሳስ እንዳለው የሚያሳይ ቀላል መመርመሪያ ስለሚሸጥ ከመጀመራችሁ በፊት ሞክሩት። ካለበት በደረቁ ከማሸት ይልቅ እያራሱ ማሸት ብናኙን በጣም ይቀንሰዋል።

ለኬሚካል የሚሆነው መከላከያ ደግሞ ሌላ ነው። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ቀለም ማስለቀቂያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ገድሏል። የተለመደው የካርቦን ማጣሪያ ማስክም በቂ መከላከያ አይሆነውም። አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ጣሳው ላይ ይህን ስም ካያችሁ መልሱት፤ ሌላ ዓይነት አለ።

የዩሬቴን ፕራይመርና ቀለም ማጠንከሪያ ውስጥ ደግሞ አይሶሳያኔት አለ። ይህ ነገር አስም ያስይዛል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ በትንሹም ይነሳል። በባለሙያ ቤት በቱቦ ንጹሕ አየር በሚያመጣ ማስክ የሚረጩት ለዚህ ነው። ይህ ከሌላችሁ ማሸቱን ራሳችሁ ሠርታችሁ መርጨቱን ለቀለም ቤት ብትሰጡት የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔ በግሌ ይህን መንገድ ነው የምመርጠው።

መመርመርና መመዝገብ

ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። አጠቃላይ ፎቶ ብቻ አይበቃም። የበሩ ጠርዝ ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተት፣ የጌጥ ብረቶቹ አቀማመጥ፣ የጎሚኒዎቹ አገባብ፣ የሽቦዎቹ መስመር አንድ በአንድ ይነሳ። የሻንሲ ቁጥሩንና የቀለም ኮዱን የያዘውን ሰሌዳ አጉልታችሁ አንሱት። ሰሌዳው ላይ ብርጭቆ ወረቀትም ግራይንደርም አይድረስ። ላሜራ ላይ የተመታ ቁጥር ካለም እንደዚሁ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ የመኪናዋን ማንነት ማስረዳት ቀላል አይሆንም።

የፋብሪካውን ቀለም የምትፈልጉ ከሆነ ፀሐይ ያልነካው ቦታ ፈልጉ። ከጎሚኒ ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከበሩ ልባስ ውስጥ ይገኛል። ያን ቦታ ሳትነኩ አቆዩት፤ ለቀለም መቀላቀያ ናሙና ይሆናችኋል።

ቀጥሎ ማግኔት። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሉና ቦዲው ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራቱ። ጥብቅ አድርጎ ከያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ነው። ላላ ካለ ወይም ከወደቀ ሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ። በእርሳስ ምልክት አድርጉና እለፉ። ይህ ፈተና የሚሠራው ለብረት ብቻ መሆኑን አትርሱ። የድሮ ላንድሮቨር አብዛኛው ቦዲ አሉሚኒየም ነው። ኮርቬት ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፋይበርግላስ ነው የተሠራችው። እዚያ ላይ ማግኔት ቢወድቅ ምንም አይነግራችሁም።

ከዚያ ታችኛውን ክፍል በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዴም እዚያው ይሰነጠቃል። ከበሮቹ ሥር ያለው ጠርዝ፣ ከጎማው በላይ ያለው ቅስት፣ የንፋስ መስታወቱ ዙሪያና የበሮቹ የውስጥ ግርጌ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ከበሩ ግርጌ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የውሃ መውጫ ናቸው። ከተደፈኑ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፤ ውጭ ሲታይ ግማሹ መንገድ አልቋል።

የመጨረሻው ምርመራ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ነው። በማይታይ ቦታ ላይ ላከር ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ አሹ። ቀለሙ ቶሎ ሟሙቶ ጨርቁ ላይ ከወጣ ላከር ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለ1924 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኦክላንድ መኪኖቹ ዱኮ የተባለውን ናይትሮሴሉሎስ ላከር ከተጠቀመ ወዲህ ይህ ቀለም ለአሥርት ዓመታት በብዙ መኪኖች ላይ ነበር። ቶሎ ይደርቃል፣ ያምራል። ችግሩ አዲስ ቀለም ሲረጭበት ቲነሩ ሥሩን ያሟሟውና ያሸበሽበዋል፤ በኋላም ይሰነጣጥቀዋል። ላከር ሆኖ ካገኛችሁት ሳታመነቱ አንሱት።

መፍታት

ፓራውልቱ፣ ፋኖሶቹ፣ ፍሬቻው፣ ስፖኪዮው፣ እጀታዎቹ፣ የክሮም ጌጦቹና ጎሚኒዎቹ ይውጡ። በወረቀትና በፕላስተር ሸፍኖ መቀባት ይቻላል፤ ግን ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይከመርና ከጊዜ በኋላ ከዚያው ይላጣል። የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎን በየራሱ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ላዩ ላይ ጻፉበት። የዛገ ብሎን ካጋጠማችሁ ዘይት ንፉበትና አሳድሩት። ጠዋት የሚፈታውን ብሎን ማታ መስበር ምን ያደርጋል? ብየዳ የሚኖር ከሆነ ባትሪው ይውጣ። ብየዳው ታንኩ አጠገብ ከሆነ ታንኩም ይወረድ።

ማጠብ፣ ከማሸት በፊት

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። «ሊታሽ አይደል እንዴ፣ ምን ያስቸኩላል?» ይባላል። ዓመታት የተቀባው ሰምና የሲሊከን ማብረቂያ ግን ላዩ ላይ አለ። ሳታጠቡ ካሻችሁት ብርጭቆ ወረቀቱ ሰሙን ራሱ በሚፈጥረው ጭረት ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ አዲሱ ቀለም እዚያ ቦታ ላይ እየሸሸ የዓሣ ዓይን የሚመስል ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል።

በመጀመሪያ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ። ሲደርቅ ለመኪና ቀለም የተሠራ የቅባትና የሰም ማስለቀቂያ ተጠቀሙ። ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ያዙ። በአንዱ እያረጠባችሁ፣ ፈሳሹ ሳይደርቅ በሌላው ጥረጉ። በራሱ እንዲደርቅ ከተዋችሁት ቅባቱ እዚያው ተመልሶ ይቀመጣል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ገልብጡ። ከዚህ በኋላ ሲሊከን ያለበት ምንም ዓይነት ማብረቂያ ወደ ሥራ ቦታው አይግባ፤ የጎማና የዳሽቦርድ ማብረቂያውንም ጨምሮ።

አሮጌው ቀለም ሁሉ ይነሳ?

ሁልጊዜ አይደለም። አሮጌው ቀለም በደንብ የያዘ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ላከር ያልሆነና አንድ ወይም ሁለት ንብርብር ብቻ ከሆነ መሠረት ሊሆን ይችላል። በ320 ወይም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይለሰልሳል) አንጸባራቂነቱን ግደሉትና ቀጥሉ። የፋብሪካ ቀለም ከላሜራ ጋር ያለው ትስስር በቤት ውስጥ ከምንሠራው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ያለ ምክንያት መላጥ ሌላ ሥራ መግዛት ነው። ከተሰነጠቀ፣ ካበጠ ወይም ብዙ ንብርብር ካለው ግን እስከ ብረቱ ውረዱ።

ለማንሳት ሦስት መንገድ አለ። በእጅና በማሽን ማሸት ቀርፋፋ ነው፤ ግን ልትቆጣጠሩት ትችላላችሁ። 80 ቁጥር ይበቃል። ግራይንደር ላይ ሸካራ ዲስክ አድርጎ አንድ ቦታ ማቆየት ላሜራውን ያግለዋል፤ የጋለ ላሜራ ደግሞ ይለጠጥና ይወላገዳል። እጃችሁን አስነኩት፤ ካቃጠላችሁ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ኬሚካል ለጠመዝማዛ ቦታ ይመቻል። ወፍራም አድርጋችሁ ቀቡ፣ በፕላስቲክ ሸፍኑና ጊዜ ስጡት፤ ከዚያ በላስቲክ መፋቂያ ግፈፉት። የመገጣጠሚያ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ግን ማውጣቱ ከባድ ነው። ከወራት በኋላ እየወጣ አዲሱን ቀለም ያነሳዋል። ስንጥቆቹን በፕላስተር ዝጉና እዚያ ያለውን በእጅ ሥሩ። ፋይበርግላስ ላይ ደግሞ ለብረት የተሠራ ቀለም ማስለቀቂያ አይነካ፤ ሙጫውን ራሱን ይበላዋል።

ሦስተኛው በአሸዋ ማስመታት ነው። ለሻንሲና ለወፍራም ብረት ግሩም ነው። ለኮፈን፣ ለጣሪያና ለበር ግን በከፍተኛ ግፊት የሚመታው አሸዋ ስሱን ላሜራ ስለሚያወላግደው እኔ አላስነካውም። በሶዳ ማስመታት ለላሜራው የዋህ ነው፤ ሆኖም የሶዳው ትራፊ በደንብ ታጥቦ ካልወጣ ፕራይመሩ አይዝም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የዛሬው ዓይነት ስቱኮ ከመምጣቱ በፊት ጉድጓድና መገጣጠሚያ የሚሞላው በቀለጠ እርሳስ ነበር። ቀለሙ ሲነሳ ከብረቱ የጠቆረ ግራጫና ለስላሳ ቦታ ካያችሁ እሱ ነው። ግራይንደር አታስነኩት፤ ብናኙ መርዝ ነው። ጤነኛ ከሆነ መተው ይሻላል። መስተካከል ካለበት በሞረድ ብቻ።

ዝገት

ላይ ላዩን ያለ ዝገት በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር ይወጣል። ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራው ግን ሥር አለው። በጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት ማስወገጃ ያወጣዋል። አሲዱ ከሠራ በኋላ በአምራቹ መመሪያ መሠረት አጥባችሁ ቶሎ አድርቁት። ብዙ የኤፖክሲ ፕራይመር (ብረቱን ከእርጥበት የሚያሽገው የመጀመሪያ ሽፋን) አሲድ የቀረበት ብረት ላይ አይዝም። በካቻቪቴ ሲወጋ የሚቀደድ ቦታ ግን መድኃኒት የለውም። ጤነኛው ላሜራ እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ ይበየድ። በስቱኮ ወይም በፋይበር ጨርቅ የተደፈነ ቀዳዳ ከኋላው እርጥበት እየሳበ ይሰፋል፤ ቀለሙም አረፋ ያወጣል።

ብየዳውን የሚሠራላችሁ ሰው በአንድ መስመር ሳያቋርጥ እንዳይሄድ ንገሩት። ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ ቦታ እየቀያየረና እያቀዘቀዘ ይሂድ። ያለዚያ ላሜራው በሙቀት ይጨማደዳል።

ላሜራውን ማቃናትና መግጠም

አሁን ባትላሜራው ነው። የተቻለው ያህል ጉድጓድ በመዶሻና ከኋላ በሚደገፍ ብረት ይውጣ። ስቱኮ ለመጨረሻዋ ሚሊሜትር እንጂ ለጉድጓድ መሙያ አይደለም። 3 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ ወሰን ነው። ከዚያ ከወፈረ እየሸሸ፣ ማለትም እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ድንጋጤም አይችልም።

ስቱኮ ከመነካቱ በፊት በሮቹን፣ ኮፈኑንና የኋላውን ክዳን በቦታቸው ግጠሙ። የበሩ ጎሚኒም ይኑር፤ በሩን ወደ ውጭ ስለሚገፋ ያለ እሱ የተለካ ክፍተት ውሸት ነው። መኪናዋ በጎማዋ ላይ ትቁም። ክሪክ ላይ ስትሆን ቦዲዋ በትንሹ ይጣመማል። ክፍተቶቹ ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆኑ ማጠፊያውን አስተካክሉ። አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ካለም አሁኑኑ ይስተካከል። ይህን ትቶ በስቱኮ ማመሳሰል በኋላ በሩ ሲስተካከል ሁሉንም ያፈርሰዋል።

ኤፖክሲ ፕራይመር

የተራቆተ ብረት አይደር። የእጅ ላብ ብቻውን በአንድ ሌሊት የጣት አሻራ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ ጓንት አድርጉ፤ ብረቱን በጸዳበት ቀን ቀቡት። ፕራይመር በምትቀቡበት ጊዜ ላሜራው ከጤዛ መፍጠሪያው ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። በቀላሉ ለመናገር ላሜራው ላብ ካወጣ ወይም ሲነካ ከቀዘቀዘ ጠብቁ። 20 ዲግሪ አካባቢ ምቹ ነው።

ኤፖክሲውን በስሱ ሁለት ጊዜ ርጩ። ሲደርቅ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሚደፈነውን ማስቲሽ ቀቡ። ማስቲሽ በተራቆተ ብረት ላይ ከተቀባ ከሥሩ ይዝጋል።

ስቱኮ ከኤፖክሲ ላይ ነው ወይስ ከብረት ላይ? ሁለቱም ይሠራል፤ ብዙ አምራቾችም ሁለቱንም ይፈቅዳሉ። እኔ ከኤፖክሲ በላይ እመርጣለሁ። ብረቱ መጀመሪያ ታሽጎ ስለሚቆይ ስቱኮው እርጥበት ቢስብ እንኳ ብረቱ ጋ አይደርስም። ኤፖክሲው ግን ስቱኮ የሚቀበልበት የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ካለፈ በ80 ወይም በ120 ቁጥር አሽታችሁ ቀቡ። ገደቡ ጣሳው ላይ ተጽፏል።

ስቱኮ

መኪናዋ ስትጨርሱ ምን እንደምትመስል የሚወሰነው በዚህ ክፍል ነው። አትቸኩሉ። ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ የሚሆን ማጠንከሪያ ጨምራችሁ ቀላቅሉ። በልምድ የሚሠሩ ሰዎች በቀለሙ ይለዩታል፤ እናንተ መጀመሪያ መዝኑ። ሲበዛ ቶሎ ይጠነክራል፤ ይባስ ብሎም በኋላ በቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሲያንስ አይጠነክርም። አየር እንዳይገባበት አትምቱት፤ በመፋቂያ እየዘረጋችሁ እየመለሳችሁ ቀላቅሉ። የሥራ ጊዜያችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሞቃት ቀን ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ በአንዴ ብዙ አትቀላቅሉ።

የመጀመሪያውን ሽፋን በስሱ ተጭናችሁ ቀቡ፤ ከሥሩ አየር እንዲወጣ ነው። ከዚያ ጥቂት ይወፍር። ጠርዙን ከጉድጓዱ ውጭ ሰፋ አድርጋችሁ ዘርጉት። ጠባብ ስቱኮ ጉብታ ሆኖ ይታያል።

ሲጠነክር ማሸት ይመጣል። ብርጭቆ ወረቀት በጣት ይዞ ማሸት ክልክል ነው ብል ይቀለኛል። ጣቶች ባሉበት መስመር መስመር ይሠራል፤ አንጸባራቂ ቀለም ሲለብስ ያ መስመር በሩቅ ይታያል። ብርጭቆ ወረቀቱ ቀጥ ባለ ረጅም ጣውላ ላይ ይለጠፍ። ለቅስት ቦታ ደግሞ የሚታጠፍ ላስቲክ ተጠቀሙ። ጣውላው የሚሄደው በሰያፍ ነው፤ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ፣ የመስቀል ምልክት እየሠራ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄዳችሁ ቦይ ትቆፍራላችሁ።

በ80 ቁጥር ቅርፁን አውጡ፤ በ150 አስተካክሉ፤ በ180 ወይም በ240 ጨርሱ። ቁጥር አትዝለሉ። የ80 ቁጥር ጭረት በ320 አይጠፋም፤ ፕራይመሩ ይሞላዋል፣ ከሳምንታት በኋላ ፕራይመሩ ሲሸሽ ጭረቱ ተመልሶ ይወጣል። ስቱኮ በውሃ አይታሽም፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል።

ቀጥ ማለቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ዓይን በደነዘዘ ፕራይመር ላይ ይሳሳታል። መዳፋችሁን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በረጅሙ አንሸራቱ። ጉብታው ሲመጣ እጃችሁ ያውቀዋል። ሌላው ዘዴ ላሜራውን በሰም ማስለቀቂያ ማርጠብና መብራት ከጎን ማብራት ነው። እርጥብ ሆኖ ሲያብረቀርቅ የመብራቱ መስመር ከተንቀጠቀጠ እዚያ ሞገድ አለ።

ወፍራሙ ፕራይመርና በጣውላ ማሸት

ስቱኮው ካለቀ ሰርፌሰር የሚባለው ወፍራም ፕራይመር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይረጫል። በየመሀሉ አምራቹ ያለውን ያህል ጊዜ ስጡት። ሲደርቅ የጥቁር ዱቄት ወይም የስስ ጥቁር ስፕሬይ ጉም በላዩ ላይ አድርጉ። ከዚያ በ320 ቁጥር በጣውላው እሹ። ከፍ ያለው ቦታ ጥቁሩን ቶሎ ያጣል፤ ዝቅ ያለው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ ሊጠፋ ባለመቻሉ እዚያ ብቻ አተኩራችሁ አትሹ፤ ጉድጓዱን ታሰፉታላችሁ። ትንሽ ከሆነ በስስ ስቱኮ፣ ብዙ ከሆነ በድጋሚ ፕራይመር ይሞላ። ብረት ብቅ ካለ አቁሙና ያንን ቦታ በኤፖክሲ ሸፍኑት።

ለጥሩ ሥራ ይህ ዙር ሁለት ጊዜ ይደገማል። ጥቁር መኪና ከሆነ ሦስት ጊዜም ቢሆን አይገርምም። ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሞገድን አጉልቶ ያሳያል፤ ነጭና ክሬም ይምራል። ቀለም ሳትመርጡ ይህን አስቡበት።

የመጨረሻው ማሸት በውሃ ነው። ለተራ ቀለም 400 ወይም 500 ቁጥር ይበቃል። ሜታሊክ ከሆነ እስከ 600 ሂዱ፤ ያለዚያ ጭረቱ በብልጭታው ውስጥ ይታያል። ጠርዞችን በቀስታ፤ እዚያ ፕራይመሩ ስለሚሳሳ ቶሎ ብረት ይወጣል። ከውሃው በኋላ ለአንድ ቀን ያህል አድርቁት። ከተቻለ ፕራይመሩ ራሱ ጥቂት ቀን ቢቆይ ይመረጣል፤ መሸሽ ያለበት አሁን ይሽሽ።

መሸፈንና መጨረሻው ጥርጊያ

በየስንጥቁ፣ በየበሩ ጠርዝ፣ በኮፈኑ ሥር የተደበቀውን አቧራ በንጹሕ አየር አስወጡ። ኮምፕሬሰራችሁ ውሃና ዘይት ማጣሪያ ከሌለው በሚነፋው አየር ቅባት ትረጫላችሁ። መስታወቱንና የውስጡን ክፍል ለቀለም በተሠራ ወረቀትና ፕላስተር ሸፍኑ። ጋዜጣ ርካሽ ቢሆንም ቲነር ያሳልፋል፤ የቀለሙ ዕድፍም ይለቃል። ፕላስተሩን ለሳምንት አታቆዩት፤ ሙጫው ይቀራል።

አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን በውሃ አርጥቡ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው በሁለት ጨርቅ የቅባት ማስለቀቂያ አስነኩ። ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ከተነነ በኋላ የሚያጣብቀውን የአቧራ ጨርቅ ሳትጫኑ በላዩ ላይ አንሸራቱ። ከተጫናችሁት የጨርቁ ማጣበቂያ ቦዲው ላይ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ቦዲውን በባዶ እጅ መንካት የለም፤ «እስቲ ልየው» የሚል ጎረቤት ካለ ጓንት ይሰጠው።